ልል ስፌት፦ የናፖሊ ኮት ሆዱ ሲከፈት

ለልብስ ሰፊዎችና ለሙያው ሰልጣኞች የተደረገ ንግግር፣ በአመዛኙ እንደተነገረ የተጻፈ

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ሰልጣኞችና እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ? ቀኑን ሙሉ መርፌና መቀስ ይዛችሁ ውላችሁ፣ ማምሻውን ደግሞ ስለ መርፌና መቀስ ልትሰሙ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ድምፄ ይሰማል? መልካም።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ኮቶች አሉ። ሁለቱም ጥቁር ሰማያዊ፣ ሁለቱም ሱፍ ናቸው። ከተቀመጣችሁበት ሆናችሁ ስታዩአቸው መንትያ ይመስላሉ። አንደኛው በጣሊያኗ ከተማ በናፖሊ ደንብ በእጅ የተሰፋ ነው። ሁለተኛው በፋብሪካ ተሰፍቶ ውስጡ በሙጫ የተለጠፈ ነው። የሁለቱንም የግራ ጎን ገበር ተርትረን ሆዳቸውን ከፍተነዋል። ስጨርስ መጥታችሁ ትዳስሷቸዋላችሁ።

የጣሊያን ሙሉ ልብስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የድርጅቱን ስምና ዋጋውን ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ስፌቱ ነው። የምናገረውም ባጭሩ ይኸው ነው፦ የጥሩ የእጅ ኮት ምስጢሩ ልልነቱ ነው። ልልነቱ! ሰፊ ሲሰለጥን "አጥብቅ፣ አጥብቅ" እየተባለ ነው የሚያድገው። የናፖሊ ሰፊ ግን ዕድሜውን የሚፈጀው የት ላይ ማላላት እንዳለበት ሲማር ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

አራት ነገር አነሳለሁ፦ ጨርቁን፣ ካንቫሱን (በሱፉና በገበሩ መካከል የሚገባውን ሸራ)፣ ልክ ማየቱን፣ ትከሻውንና እጅጌውን። ጊዜ ከተረፈ የቁልፍ ቀዳዳ እጨምራለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በመጀመሪያ ግን፣ ለምን ናፖሊ? የናፖሊ ባለጸጋ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ እንግሊዝን የሚወድ ሰው ነበር። ልብሱን እንደ ለንደን ጌቶች ማሰፋት ነበር ምኞቱ። ጄናሮ ሩቢናቺ የሚባሉ የናፖሊ ሰው በ1930ዎቹ መጀመሪያ የልብስ ስፌት ቤታቸውን ሲከፍቱ ስሙን እንኳ "ለንደን ሃውስ" ነው ያሉት። ችግሩ ምን ነበር? የለንደን ኮት የተሠራው ለለንደን ብርድ ነው። ጨርቁ ከባድ፣ ትከሻው በጥጥ የተሞላ፣ ደረቱ የደነደነ፣ ገበሩ ሙሉ ነው። ያንን ለብሶ በሐምሌ ናፖሊ ውስጥ መራመድ ይቻላል? የለንደን ሃውስ ዋና ቆራጭ የነበሩት ቪንቼንዞ አቶሊኒ ኮቱን ከውስጥ ማራቆት ጀመሩ። የትከሻውን ሙሌት አወጡ፣ ካንቫሱን አሳሱ፣ ገበሩን ቀነሱ። ኮቱ እንደ ሸሚዝ በትከሻ ላይ የሚያርፍ ሆነ። ዛሬ ዓለም "የናፖሊ ትከሻ" የሚለው ከዚያ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሙሌቱ ሲወጣ ሥራው ቀለለ? ከበደ እንጂ! ሙሌት ጥፋት ይሸፍናል። ያልተስተካከለ ትከሻ፣ የጎደጎደ ደረት፣ የተዛባ ቆረጣ፣ ሁሉም ከጥጡ ሥር ይደበቃል። ጥጡን ካወጣችሁ የቀራችሁ ጨርቅ፣ ክርና ካውያ ብቻ ነው። ቅርጹን በእነዚህ በሦስቱ ማምጣት አለባችሁ።

ጣሊያን ሁሉ ናፖሊ አይደለም፤ ይህንንም ላንሳ። ሮም ላይ በ1945 በናዛሬኖ ፎንቲኮሊና በጋኤታኖ ሳቪኒ የተመሠረተው ብሪዮኒ የተባለው የስፌት ቤት የሚታወቀው ትከሻው በተሰመረ፣ ደረቱ በተገነባ ኮት ነው። በ1952 ፍሎረንስ ውስጥ በፒቲ ቤተ መንግሥት የወንድ ልብስ በሰልፍ ያሳየው እሱ ነው፤ እስከዚያ መድረኩ የሴቶች ልብስ ነበር። የፍሎረንስ ሰፊዎች ደግሞ ከፊት ለፊት የወገብ ማጥበቢያ ስፌት አይሠሩም። ስፌቱን ከብብት ወደ ኪስ ስለሚያዞሩት ደረቱ አንድ ወጥ ጨርቅ ሆኖ ይታያል። የናፖሊ ሰው ያንኑ የፊት ስፌት እስከ ታችኛው ጠርዝ ድረስ ይወስደዋል። ሦስት ከተማ፣ ሦስት ዓይነት ኮት። እኔ ዛሬ ናፖሊ ላይ እቆያለሁ፤ ልልነቱ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና።

አንደኛ፣ ጨርቁ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የታወቀው የጣሊያን ሱፍ የሚሸመነው በሰሜን፣ ቢዬላ በሚባለው አካባቢ ነው። ከአልፕስ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ማዕድን ስለሚያንሰው ሱፍ ለማጠብም ቀለም ለመንከርም ይስማማል። የቪታሌ ባርቤሪስ ካኖኒኮ ቤተሰብ በዚያ አካባቢ በሽመና ሥራ የሚታወቀው ከ1663 ጀምሮ ነው። ዜኛ የሚባለው የሱፍ ፋብሪካም በ1910 እዚያው አካባቢ ትሪቬሮ ላይ ተመሠረተ። የበጉ ፀጉር ግን በአብዛኛው የአውስትራሊያ ሜሪኖ ነው።

ደንበኛ ሲመጣ የሚጠይቃችሁ "ሱፐር ስንት ነው?" ብሎ ነው፤ አይደለም እንዴ? ቁጥሩ የፀጉሩን ቅጥነት ነው የሚናገረው። ሱፐር 100 ማለት የፀጉሩ ውፍረት ከ18.75 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የማይበልጥ፣ ሱፐር 120 ከ17.75 የማይበልጥ፣ ሱፐር 150 ከ16.25 የማይበልጥ ማለት ነው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጨርቁ ይለሰልሳል፣ ይከብራል፣ ይወደዳል፤ ግን ደግሞ ቶሎ ይጨማደዳል፣ ክርኑና መቀመጫው ቶሎ ይሳሳል። ለሰፊውም ቢሆን ፈተና ነው። በጣም ቀጭን ጨርቅ ላይ ከውስጥ የተሰፋች እያንዳንዷ ስፌት በፊት ለፊት እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ትታያለች። በየጊዜው ለሚለበስ ሙሉ ልብስ በሜትር ከ280 እስከ 340 ግራም የሚመዝን፣ ሱፐር 110 ወይም 120 የሆነ ሱፍ ብትመርጡ ደንበኛውም እናንተም ታርፋላችሁ። ኮትና ሱሪ ለመካከለኛ ቁመና 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ 3.20 ሜትር ገደማ ይወስዳል። መስመር ወይም ዳማ ካለው ለማጋጠሚያ ጨምሩ።

መቀስ ከመነሳቱ በፊት ጨርቁ መኮማተር ያለበትን ተኮማትሮ ይጨርሳል። በእርጥብ አንሶላ ተጠቅልሎ ያድራል፣ ወይም እንፋሎት ጠጥቶ ሳይጎተት በጠፍጣፋ ቦታ ይደርቃል። የውስጡ ካንቫስም ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ሳይጨመቅ ተሰቅሎ ይደርቃል። ይህን የዘለለ ሰው ምን ያገኛል? ኮቱ አምሮ ይወጣል፣ ደንበኛው ተደስቶ ይሄዳል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ይመጣል። ካንቫሱ ይኮማተራል፤ ሱፉ አይኮማተርም። ደረቱ ላይ ሞገድ ይወጣል። ያን ጊዜ ካውያ አይመልሰውም።

ሁለተኛ፣ ካንቫሱ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ኮት ማለት ይኼ ነው! ሱፉ ቆዳው ነው፣ ካንቫሱ አጥንቱ ነው። እስቲ ይህን የተከፈተውን ላንሳው። ይታያችኋል? ከትከሻ እስከ ታች ጠርዝ የሚወርደው ቡናማ ሸራ ከጥጥ፣ ከሱፍና ከፍየል ፀጉር የተሸመነ ነው። ደረቱ ላይ ብቻ ደግሞ ሌላ ቁራጭ ተደርቧል፦ የፈረስ ጭራ ፀጉር የገባበት ሸራ። የፈረሱ ፀጉር የሚገባው በአግድም ብቻ ነው። ለምን በአግድም? በአግድም ሲታጠፍ እንደ ምንጭ ተመልሶ ይነሳል፤ ስለዚህ ደረቱን ነፋ አድርጎ ይይዛል። በቁመቱ ግን እንደ ልቡ ይወድቃል። በላዩ ደግሞ ለስላሳ ጨርቅ ይለብሳል፤ አለበለዚያ የፀጉሩ ጫፍ እየወጣ ለባሹን ይወጋዋል። የናፖሊ ሰፊ ይህን የደረት ቁራጭ ትንሽና ስስ ያደርገዋል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ይተወዋል።

ካንቫሱ ጠፍጣፋ ነው፤ ደረት ጠፍጣፋ አይደለም። ስለዚህ ካንቫሱ በመቀስ ይሰነጠቅና ጠርዙ በጠርዙ ላይ ተደርቦ ይሰፋል፣ በትከሻው በኩል ደግሞ ተሰንጥቆ ሽብልቅ የመሰለ ቁራጭ ይገባበታል። ከዚያ በኋላ በካውያ ይቀረጻል። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጡት እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተገልብጦ ይቀመጣል።

አሁን ሱፉንና ካንቫሱን ወደሚያያይዘው የእጅ ስፌት፣ ወደ ሰያፉ ስፌት እንምጣ። ሱፉና ካንቫሱ በነጭ ክር ከተወሰወሱ በኋላ ደረት ላይ በሚገለበጠው የኮሌታ ክንፍ ይጀመራል። ሰፊው ክንፉን በግራ እጁ ሌባ ጣት ላይ ያጥፈዋል፤ ካንቫሱ ከላይ፣ ሱፉ ከሥር ነው። መርፌው ካንቫሱን ይበሳል፣ ከሱፉ አንድ ወይም ሁለት ክር ብቻ ጨረፍ ያደርጋል፣ ተመልሶ ይወጣል። አንድ ክር ብቻ! በሌላው ወገን መታየት የለበትም። ስፌቱ ደረቱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ክንፉ ላይ ያጥራል፣ ወደ ክንፉ ጫፍ ሲጠጋ ደግሞ ይበልጥ ያጥራል፣ ይቀራረባል። በአንድ ኮት ላይ እነዚህ ስፌቶች በሺህ ይቆጠራሉ።

በጣት ላይ ማጠፉ ለምን አስፈለገ? ልብ በሉ። የታጠፈ ነገር የውጭው ወገን ይረዝማል፣ የውስጡ ያጥራል። ካንቫሱ ከውጭ፣ ሱፉ ከውስጥ ሆኖ በዚያ ሁኔታ ሲሰፋ ሱፉ አጥሮ፣ ካንቫሱ ረዝሞ ይቀራል። ክንፉን ስትለቁት ራሱ ወደ ደረት ይጠቀለላል። በካውያ የተጫነ እጥፋት አይደለም፤ ስፌቱ ውስጥ የገባ ባሕርይ ነው። የናፖሊ ኮት ሦስት ቁልፍ ኖሮት ሦስተኛው የላይኛው ቁልፍ ከክንፉ ጋር ተጠቅልሎ የሚሄደው፣ የማይቆለፈውም፣ በዚህ ጥቅልል ምክንያት ነው። ክንፉ በሚታጠፍበት መስመር ላይ ደግሞ ስስ የጥጥ ጥብጣብ ይሰፋል፤ ጥብጣቡ ከሱፉ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር አጠር ተደርጎ ይሳባል። ክንፉ ከደረት ሳይለይ እንዲያርፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ደረቱ ሞላ ላለ ሰው ሳቡን ጨመር አድርጉ፤ ካልጨመራችሁ ክንፉ ይከፈታል።

እዚህ ላይ ወደ ልልነቱ ልመለስ። ሰያፉን ስፌት አጥብቃችሁ ብትስቡት ምን ይሆናል? ሱፉ ላይ ጉድጉድ ይወጣል፣ ክንፉም እንደ ካርቶን ይደርቃል። ክሩ ተኝቶ እንጂ ተወጥሮ መቀመጥ የለበትም። ሱፉ በካንቫሱ ላይ ትንሽ መንሸራተት መቻል አለበት። ለባሹ ሲቀመጥ፣ ሲነሳ፣ ሲተነፍስ ሁለቱ ጨርቆች እየተላለፉ ይሄዳሉ። ከጊዜ በኋላ ካንቫሱ በሰውነት ሙቀትና እርጥበት የለባሹን ደረት ይይዛል። ያረጀ ጥሩ ኮት ካዲሱ የተሻለ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ኮት ተመልከቱት። እዚህ መርፌ የለም፤ ሙጫ አለ። ጀርባው ላይ የሙጫ ነጠብጣብ ያለው ስስ ሸራ በሱፉ ላይ ይነጠፋል፣ በትልቅ የጋለ መጫኛ ተጭኖ በሰኮንዶች ውስጥ ይጣበቃል። የፋብሪካ ሥራን ለማጣጣል አይደለም የማነሳው። ሙጫው ካለፉት አሥርት ዓመታት ብዙ ተሻሽሏል፣ ልብሱም ለብዙ ሰው አቅም ይመጥናል። ግን ጠባዩን እወቁት። ሱፍና ሸራ ለሙቀትና ለእርጥበት የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለም። በየላውንደሪው ሲመላለስ ሙጫው በሆነ ቦታ ይለቃል፣ ሱፉ አረፋ ያወጣል። አረፋውን በካውያ ብትጫኑት ለአንድ ቀን ይተኛል፣ ከዚያ ይነሳል። የሚጠገን ነገር አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለም አለ፤ ደረቱና ክንፉ ካንቫስ፣ ከወገብ በታች ሙጫ። በልክ ገንዘብ ለሚያሰፋ ደንበኛ እሱ ጥሩ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ።

ገበያ ላይ እንዴት ትለያላችሁ? ከታችኛው ቁልፍ ሥር ኮቱን ከውጭም ከውስጥም በሁለት ጣት ቆንጥጡና ሳብ ሳብ አድርጉት። በመካከል ሦስተኛ ጨርቅ ለብቻው ሲንቀሳቀስ ከተሰማችሁ ካንቫስ አለ። ሁለት ብቻ ከሆነና የውጩ ድርቅ ያለ ከሆነ ሙጫ ነው።

ሦስተኛ፣ ልክ ማየት። ጣሊያኖች "ፕሮቫ" ይሉታል። ሜትር የሰውን ዙሪያ ይናገራል፤ አቋሙን አይናገርም። ጥሩ ቆራጭ ደንበኛው ሜትር እንደሚለካው ሳያውቅ፣ ገና በር ሲገባ ነው የሚያየው። የቱ ትከሻው ዝቅ ይላል? ጀርባው ጎበጥ ይላል ወይስ ወደ ኋላ ይለጠጣል? ክንዱ ሲያርፍ ወደ ፊት ይሄዳል ወይስ ቀጥ ብሎ ይወርዳል? አብዛኛው ሰው ሁለት እኩል ትከሻ የለውም። አንዳንድ የናፖሊ ቆራጮች ይህን ሁሉ በዓይናቸው ይዘው ያለ ወረቀት ቅድ፣ በጠመኔ በቀጥታ ጨርቁ ላይ ይስላሉ።

መጀመሪያ ልክ ሲታይ ኮቱ ኪስ የለውም፣ ገበር የለውም፣ ሁሉም በነጭ የጥጥ ክር የተወሰወሰ ነው። ነጩ ክር ለምን እንደተመረጠ ታውቃላችሁ? ደካማ ስለሆነ ነው! በጣት ሲሳብ ይበጠሳል፣ ጨርቁን ሳይጎዳ ይወጣል። ሰፊው ደንበኛው ላይ እንዳለ የትከሻውን ስፌት ይከፍተዋል፣ ጨርቁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንሸራትታል፣ በስፒል ይይዘዋል፣ በጠመኔ ያሰምራል። ከዚያ ኮቱ ሙሉ በሙሉ ይተረተራል። ሙሉ በሙሉ! እያንዳንዱ ቁራጭ በካውያ ተዘርግቶ እንደገና ይቆረጣል። በሁለተኛው ልክ ኪሱና ደረቱ ያለቀ ነው፣ ኮሌታውና እጅጌው ብቻ ተወስውሰው ይታያሉ። ሦስተኛው ለማረጋገጫ ነው። ቆረጣው፣ ስፌቱ፣ ካውያው ተደምሮ ለአንድ ኮትና ሱሪ ከ50 እስከ 80 ሰዓት ይፈጃል።

እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኼ መተርተሩ ነው። ጊዜ ስለሌለ፣ ደንበኛው ስለሚቸኩል፣ ጥፋቱ ከዳር ከዳር እየተቆነጠጠ ይታረማል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኮሌታው ከሸሚዙ አንገት ይርቃል፣ ከኋላ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይታያል። ሰፊው ኮሌታውን ፈትቶ ያጠብበዋል። ክፍተቱ ግን አይጠፋም። ለምን? ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ኮሌታው ጋ አይደለም። የደንበኛው ጀርባ ጎበጥ ያለ ነው፣ የኮቱ የኋላ ክፍል ደግሞ በቁመት አጥሯል፤ ስለዚህ ኮሌታውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። መፍትሔው የትከሻውን ስፌት ከፍቶ የኋላውን ቁመት መጨመር ነው። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ሲቆረጥ በስፌቱ ህዳግ ላይ፣ ማለትም ከስፌቱ ውጭ በሚቀረው ጠርዝ ላይ፣ ትርፍ መተው ያስፈልጋል። በጎንና በጀርባ መሐል ስፌት ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ተውሉኝ። ደንበኛችሁ ከአምስት ዓመት በኋላ ወፍሮ ሲመጣ ታመሰግኑኛላችሁ።

ስለ መተርተር ካነሳን አንድ ታሪክ አለ። ዶሜኒኮ ካራቼኒ የዘመናዊው የጣሊያን ስፌት አባት ከሚባሉት አንዱ ናቸው። የተወለዱት ኦርቶና በምትባል የአብሩዞ የባሕር ዳር ከተማ ነው። የዚያችው ከተማ ተወላጅ የሆነው የዜማ ደራሲ ፍራንቼስኮ ፓኦሎ ቶስቲ ደግሞ ለንደን ይኖር ነበር፤ ልብሱንም እዚያው ያሰፋ ነበር። ካራቼኒ የቶስቲን የለንደን ልብሶች እየተረተሩ፣ ስፌት በስፌት እያጠኑ ነው እንግሊዞች እንዴት እንደሚሠሩ ያወቁት ይባላል። ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ለንደን ሳይሄዱ! እናንተም አሮጌ ጥሩ ኮት ካገኛችሁ አትጣሉት። ከቅዳሜ ገበያ ይሁን ከቤተሰብ፣ ገዝታችሁ ተርትሩት። የወጣውን እያንዳንዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ አስምሩት፣ የክሩን ዓይነት፣ የስፌቱን ርዝመት ጻፉ።

አራተኛ፣ ትከሻውና እጅጌው። የመጣሁት ለዚህ ነው ብል አልዋሸሁም።

ከብብቱ ቀዳዳ እንጀምር። የናፖሊ ኮት የብብት ቀዳዳ ትንሽ ነው፣ ወደ ብብት ጠጋ ብሎ ከፍ ያለ ነው። ብዙ ሰው "ትንሽ ቀዳዳ ያጠብቃል፣ ትልቅ ቀዳዳ ያዝናናል" ብሎ ያስባል። ተቃራኒው ነው! ክንዳችሁን አንሱ እስቲ፤ ኮት የለበሳችሁ ሁሉ፣ አሁን። ኮታችሁ አብሮ ተነሳ አይደል? ኮሌታችሁ ወደ ጆሯችሁ ሄደ። ቀዳዳው ዝቅ ያለ ስለሆነ ክንዱ ሲነሳ የኮቱን ጎን በሙሉ ይዞ ይነሳል። ቀዳዳው ከብብት አጠገብ ከሆነ ክንዱ ለብቻው ይንቀሳቀሳል፣ የኮቱ አካል ባለበት ይቀራል።

ቀጥሎ የትከሻው ስፌት። የኋላው የትከሻ ጠርዝ ከፊቱ ከአንድ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይረዝማል። ይህ ትርፍ ሳይሸበሸብ በእጅ እየተገፋ ይሰፋል፣ በእንፋሎትና በካውያ ይዋጣል። ሱፍ ይህን የሚችለው ፀጉር ስለሆነ ነው። ሲሞቅና ሲረጥብ ይለዝባል፣ ሲቀዘቅዝ የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል። ስለዚህ ካውያውን አንስታችሁ ጨርቁ ትኩስ እያለ አታንሱት። ይቀዝቅዝ! ትኩስ እያለ የተነሳ ጨርቅ የሠራችሁትን ሁሉ ይረሳዋል። ትርፉ የት ሄደ? የትከሻ አጥንት ከኋላ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ሆነ።

አሁን እጅጌው። የእጅጌው አናት ዙሪያ ከብብቱ ቀዳዳ ዙሪያ ይበልጣል። በተለመደ ኮት ትርፉ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ በናፖሊ ኮት ከዚያም ይበልጣል። ትልቁን ወደ ትንሹ ማስገባት ነው ሥራው። ሰፊው እጅጌውን መጀመሪያ ይወሰውሰዋል፦ ከብብት ሥር ምንም ትርፍ የለም፣ ወደ ፊት ሲወጣ ይጨምራል፣ አናቱ ላይ ይበዛል፣ ወደ ኋላ ይቀንሳል። ከዚያ በሐር ክር፣ መርፌው ወደ ኋላ እየተመለሰ በእጅ ይሰፋል። ሐር የሚመረጠው ስለሚለጠጥ ነው፤ ክንድ በተነሳ ቁጥር ስፌቱ ይሳባል፣ ይመለሳል። የማሽን ስፌት ሁለት ክር ከላይና ከታች ተቆላልፎ የሚሠራ ጥብቅ ስፌት ነው። ጠንካራ ነው፣ እልኸኛ ነው፤ አይሰጥም። ክሩ የማይሰጥ ከሆነ የሚሰጠው ጨርቁ ነው፣ ጨርቁ ደግሞ የሚሰጠው ተቀዶ ነው።

የናፖሊ "የሸሚዝ ትከሻ" የሚባለው ልዩነቱ የስፌቱ ህዳግ ላይ ነው። በሌላ ኮት ህዳጉ ወደ እጅጌው ይገፋና የእጅጌው አናት ነፋ ይላል። በሸሚዝ ትከሻ ሁለቱም ህዳጎች ወደ ትከሻው፣ ወደ ውስጥ ይተኛሉ፣ ልክ እንደ ሸሚዝ። ሥሩ ሙሌት የለም። ትርፉ ጨርቅ መሄጃ ሲያጣ አናቱ ላይ በቀጫጭን ሽብሽቦ ይወርዳል።

ይህን ሽብሽቦ በተመለከተ ስሜቴን ልናገር። ዛሬ ብዙ ፋብሪካ ይህን ሽብሽቦ እንደ ጌጥ ይሠራዋል። በማሽን ይሸበሽበዋል፣ ቀዳዳው ግን ትልቅና ዝቅ ያለ ነው፣ ሥሩም ሙሌት አለው። እንደዚያ ከሆነ ሽብሽቦው ምን ይሠራል? ምንም! ሽብሽቦ ትልቅ እጅጌ ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ መግባቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። የሚፈለገው የክንዱ ነፃነት ነው። ደንበኛችሁ ፎቶ ይዞ መጥቶ "ይህን ሽብሽቦ" ሲላችሁ መጀመሪያ ቀዳዳውን ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡለት፤ ሽብሽቦው ራሱ ይመጣል።

ምን ይበላሻል? ሁለት ነገር። አንደኛው ትርፉ አንድ ቦታ ላይ ሲከማች ነው፤ ያን ጊዜ ሽብሽቦ መሆኑ ይቀርና እጥፋት ይሆናል። ሁለተኛው የእጅጌው አቅጣጫ ነው። እጅጌው ላይ ከፊት ወይም ከኋላ ሰያፍ መጨማደድ ካያችሁ እጅጌውን አትውቀሱት፣ አታጥብቡትም። ክንዱ ከእጅጌው አቅጣጫ ጋር አልገጠመም። እጅጌውን አውጥታችሁ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አዙራችሁ መልሱት። ደንበኛው እጁን ዘና አድርጎ ቆሞ እያለ ነው ይህ የሚታየው፤ "ቀጥ በል" ካላችሁት ጥፋቱን ራሳችሁ ደበቃችሁት።

ጊዜው እየሄደ ነው፤ የቁልፍ ቀዳዳውን በአጭሩ። በእጅ ሥራ ቀዳዳው መጀመሪያ ይቀደዳል፣ ጠርዙ በስስ ይዘመዘማል፣ ወፈር ያለ ማጠናከሪያ ክር በዙሪያው ይነጠፋል፣ ከዚያ በሐር ክር እየተቋጠረ ይለበጣል። ክሩ ቀድሞ በሰም ይታሻል፣ በካውያ ይተኮሳል፤ አለበለዚያ ይጠማዘዛል፣ ይላጫል። እጀ ፈጣን ሰፊ ለአንዱ ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ናፖሊ ውስጥ ይህን ሥራ ብቻ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ኮቱ ሲያልቅ ቤታቸው ይላክላቸዋል፣ ቀዳዳው ተሠርቶ ይመለሳል። በኮት ላይ ብቻ ዕድሜ ሙሉ ቀዳዳ መሥራት! ያንን የመሰለ ቀዳዳ የሚወጣው ከዚያ ነው። እጅጌ ላይ የሚከፈት ቀዳዳ ስትሠሩ ግን የእጅጌውን ርዝመት አረጋግጣችሁ ጨርሱ። ቀዳዳው ከተቀደደ በኋላ እጅጌውን ከታች ማሳጠር አይቻልም፤ ከአናቱ ነው የሚያጥረው፣ ያም እንደ አዲስ መስፋት ነው።

ሰልጣኞች፣ ለእናንተ አንድ ነገር። የጣሊያን ልጅ ድሮ ወደ ስፌት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚማረው ጣቱን ማጠፍ ነበር። የመሐል ጣቱ የጣት ቆብ ይደረግለትና ታጥፎ በክር ይታሰራል፤ መርፌውን በቆቡ ጎን መግፋት እስኪለምድ ድረስ። ያለ ጨርቅ፣ ያለ ክር፣ ባዶ መርፌ! ቀጥሎ ነጭ ክር መልቀም፣ ቀጥሎ መወስወስ። ብሪዮኒ በ1985 አብሩዞ ውስጥ ፔኔ በምትባል ከተማ የስፌት ትምህርት ቤት የከፈተው፣ በ1968 በቺሮ ፓኦኔ የተመሠረተው የልብስ ድርጅት ኪቶንም ናፖሊ አጠገብ አርዛኖ ላይ የራሱን ትምህርት ቤት ያቋቋመው፣ ያ የልጅነት ትምህርት እየቀረ፣ ሽማግሌ ሰፊዎች እያለፉ ተተኪ ስለጠፋ ነው። እጅ ከሌለ የታወቀ ስም ብቻውን ኮት አይሰፋም። ኮሌታና ካፖርት የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ ነው የመጡልን። ቃሉ ከገባ ቆይቷል፤ ሰያፉ ስፌት ግን ገና በየሱቃችን አልገባም፤ እኔን የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ስለ አያያዝ ለደንበኞቻችሁ ይህን ንገሩልኝ። ኮቱ አንድ ቀን ከተለበሰ ቢያንስ አንድ ቀን ይረፍ። ትከሻው ሰፊ በሆነ የእንጨት መስቀያ ይሰቀል። በብሩሽ ይጠረግ፤ ላውንደሪ የሚሄደው እድፍ ሲይዘው ብቻ ነው። ሲላክም "የኮሌታውን ክንፍ በካውያ እንዳትጫኑት" ተብሎ ይነገር። ያን ሁሉ ስፌት የተሰፋለት ጥቅልል በአንድ ካውያ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከሆነም በእንፋሎት አርጥባችሁ፣ በእጃችሁ ጠቅልላችሁ፣ እስኪቀዘቅዝ ያዙት፤ ካንቫስ ካለው ይመለሳል።

ስለታገሣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ኑና ኮቶቹን ዳስሱ። በመጀመሪያ የእጁን ኮት ክንፍ ገልጣችሁ ልቀቁት፣ ራሱ ሲጠቀለል ታዩታላችሁ። ከዚያ የሙጫውን። ሰልጣኞች ከፊት ቅደሙ፤ መርፌ ያመጣችሁ ደግሞ በዚህ በኩል ተሰለፉ፣ ለሰያፉ ስፌት የተቆረጠ ካንቫስና ሱፍ ለየሰዉ አዘጋጅተናል።